የሼህ ባቢከር ቤዝ

ቤዝ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሁሉ ስለ ቤዝ ሊያስተምረኝ ይነሣል። ባለቤቴ ታስተምረኛለች፣ ጎረቤቴ ያስተምረኛል፣ መታወቂያ ኮፒ ሊያስደርግ የመጣ ሰው ሳይቀር ወረቀቱ ከማሽኑ እስኪወጣ ቆሞ ይመክረኛል። የሁሉም ምክር አንድ ነው፦ ከሄድፎን ቤዝ አይገኝም፣ ተወው። እኔ ደግሞ ተወው ሲሉኝ አጥብቄ የምይዝ ሰው ነኝ። እናቴ "ይህን ልጅ ብላ ካላችሁት ጾሙን ያድራል" ትል ነበር። እውነቷን ነው። ዛሬም እንደዚያው ነኝ፤ ለመለወጥም አላሰብኩም።

አሶሳ ውስጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ኮፒ አደርጋለሁ፣ በሚሞሪ ዘፈን እጭናለሁ። ንብረቴ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የሚያፈስ ጣራ ነው። ጣራውን አሁን ያነሣሁት ለማማረር አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው። ዘፈን ስሰማ ሌላው ሰው ግጥሙን ያዳምጣል፤ እኔ ከሥር ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ ነው የማዳምጠው። ቤዝ የሌለው ዘፈን ጨው እንደረሱት ሽሮ ነው። ይበላል፣ ግን ለምን ይበላል?

ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በሼህ ባቢከር ነው። ሼህ ባቢከር የበርታ ሽማግሌ ናቸው፤ ሼህ የምንላቸውም ስለ ዕድሜያቸውና ስለ ክብራቸው ነው። አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እዚህ ጫካ ውስጥ ሲራገፍ፣ የቀርከሃ ቡቃያ ተቀቅሎ እንደሚበላ ያሳዩት እሳቸው ናቸው። አባቴ እስኪሞት ድረስ "ባቢከር ባይኖሩ ኖሮ ምግቤን አጥር ሠርቼበት በረሃብ እሞት ነበር" ይል ነበር። ስለዚህ ለእኔ እንዲሁ ጎረቤት ብቻ አይደሉም። ያለ ነጭ ጥምጥማቸው አይቻቸው አላውቅም፤ ከባለቤታቸው በቀር ያያቸው ሰው መኖሩንም እጠራጠራለሁ። አማርኛቸው የተማሩት አማርኛ ስለሆነ አንዳንዴ ይሰበራል። ቢሆንም ከእኔ በርትኛ ይሻላል፤ የእኔ በርትኛ ሰላምታ ላይ ያልቃል።

ሼህ ዋዛ ይነፋሉ። "ታዲያ ዋዛ ነው እንዴ" የምትለዋን ቀልድ ተዉልኝ፤ እዚህ አገር ተነግራ ተነግራ ጥርሷ ወልቋል። ዋዛ ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አሥር አሥራ ሁለት ሰው ይሰለፋል፤ ሁሉም የየራሱን መለከት ይይዛል፤ እያንዳንዱ መለከት የሚያወጣው ግን አንዲት ድምፅ ብቻ ነች። ዜማ የሚሆነው እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ የራሱን ሲጥል ነው። አንዱ ከቀረ ዜማው ያነክሳል። ከሁሉም ትልቁ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጠው፣ ሲነፋ መሬቱን ከሥር የሚያንቀጠቅጠው የሼህ ባቢከር ነው። በእኔ ቋንቋ ሼህ ባቢከር የዋዛው ቤዝ ናቸው ማለት ነው። እንግዲህ እኔ እሳቸውን እንዴት አልወድ?

ባለፈው መኸር እህል ሲገባ ዋዛው ሲነፋ እኔም ቆሜ ነበር። ጥግ ይዤ በስልኬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀረጽኩት። ከዚያ እንደ ማንኛውም ቁም ነገረኛ ሰው ረሳሁት።

ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ሼህ መታወቂያቸውን ኮፒ ሊያስደርጉ መጡ። ያ ቅጂ ትዝ አለኝና የመኸሩ ዋዛ ስልኬ ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። ላፕቶፑ ላይ ገልብጬ ልከፍተው ስል ግን እጄን ያዙኝ። ዘር ወድቋል አሉኝ። በእሳቸው ቤት ደንብ እህል ከተዘራ ጀምሮ እስኪሰበሰብ ድረስ ዋዛ አይሰማም፤ መለከቶቹም በጨርቅ ተጠቅልለው ጥግ ይቀመጣሉ። የተከለከለው በአፍ የሚነፋው ነው ወይስ በላፕቶፕ የሚከፈተውም ጭምር ብዬ ልከራከር ቃጣኝ። ነገር ግን ከከተማው ወጣ ብሎ እኔም ጥቂት በቆሎ ዘርቻለሁ። በቆሎ ያለው ሰው ከደንብ ጋር አይከራከርም።

ስለዚህ ሄድፎን አቀረብኩላቸው። ሳጥኑ ላይ በትልልቁ "ኤክስትራ ቤዝ" ተብሎ የተጻፈበት፣ ከገበያ የገዛሁት ነው። አገላበጡትና ሌላ ሰው ይሰማ እንደሆነ ጠየቁኝ። እርስዎ ብቻ ነዎት የሚሰሙት አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና ፈረዱ።

"ይህ ማሰብ ማለት ነው" አሉ። "ማሰብ አልተከለከለም።"

ከጥምጥማቸው በላይ አድርጌ ጆሯቸው ላይ አስተካከልኩላቸውና ከፈትኩት። ፈገግ አሉ። ጣታቸውን እያጠፉ የነፊዎቹን ስም ይጠሩልኝ ጀመር፦ ይህ ኢድሪስ ነው፣ ይህ የአልጣሂር ልጅ ነው፣ ይህ ረመዳን ነው፣ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ድምፁን ሰምተው ሰውዬውን ያውቁታል። ጣታቸው እየታጠፈ፣ እየታጠፈ ሄደና አንዲት ጣት ቀረች። ያቺ ጣት እንደቆመች ቀረች። ፈገግታቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

"ሁሉም አለ" አሉኝ። "እኔ የት አለ?"

እንደገና ከፈትኩላቸው። እንደገና የሉም። ሄድፎኑን ቀስ ብለው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ዋዛ በየራስ ድምፅ የሚነፋ ነገር ስለሆነ ማን እንደደከመ አይደበቅም፤ ሰው ግን ሽማግሌ አክብሮ ዝም ይላል። ትንፋሻቸው ማለቁን መንደሩ ሁሉ ያወቀ፣ ያላወቁት እሳቸው ብቻ መሰላቸው። ለዐረፋ ዘመድ ሲሰበሰብ ትልቁን መለከት ለእህታቸው ልጅ ለሙሳ እንደሚያስረክቡና ከዚያ በኋላ ከሰልፉ እንደማይቆሙ ነገሩኝ። ይህን ያሉት ስለ ዝናቡ በሚያወሩበት ድምፅ ነው። የመታወቂያቸውን ኮፒ ተቀብለው፣ መርቀውኝ ወጡ።

እኔ ግን እዚያው ተቀምጬ ደሜ ፈላ። ያን ቀን ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ የእሳቸው መለከት የሸሚዜን ቁልፍ ሲያንቀጠቅጠው ተሰምቶኛል! ቅጂውን በላፕቶፑ ከፈትኩና ድምፁን በመስመር የሚያሳየውን ፕሮግራም አየሁት። በስተግራ በኩል፣ ወፍራሙ ድምፅ የሚታይበት ቦታ፣ በየተራው አንድ ነገር እንደ ጉብታ ብድግ ቁጭ ይላል። ሼህ ባቢከር አሉ። ዓይኔ ያያቸዋል። ጆሮዬ ላይ ግን ሲደርሱ የሉም ማለት ይቻላል። እሳቸውን ጠርቼ ባሳያቸው ደግሞ ድምፅ በዓይን አይታይም እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ትክክልም ናቸው።

ዐረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ያን ቀን ማልኩ። የአንድ ሰው ትንፋሽ በአንድ ርካሽ ሄድፎን ምክንያት አያልቅም አልኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት ጎን ለጎን ወደሚሠራው ስልክ ጠጋኝ ነው። ስልክ ሲበይድ ነጭ ጋዋን ስለሚለብስ ዶክተር እንለዋለን፤ እሱም ተቀብሎታል። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። ዶክተር በሽታውን የሚያውቀው ሁልጊዜ ስልኩን ሳይከፍት ነው።

"ቤዝ በደረት እንጂ በጆሮ አይሰማም" አለኝ። "ትልቅ ስፒከር አምጣ፣ አለዚያ ሰውዬውን ተዋቸው።"

ትልቅ ስፒከር የተከለከለበትን ምክንያት አስረዳሁት። እንግዲያው ነገሩ አይቻልም ብሎ ጋዋኑን ለብሶ ወደ ሥራው ዞረ። አይቻልም የምትለዋን ቃል ከአፉ ባያወጣ ኖሮ ምናልባት እዚያው ይበቃኝ ነበር።

ወደ ኢኳላይዘሩ ገባሁ። ለማያውቀው ሰው፣ ኢኳላይዘር ማለት ላፕቶፑ ላይ ተደርድረው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ቁልፎች ናቸው፤ ግራ ግራው ወፍራሙን ድምፅ፣ ቀኝ ቀኙ ቀጭኑን ያዛል። እኔም እንደ ማንኛውም ስስታም ሰው የግራዎቹን ሁሉ እስከ ጣሪያ ሰቀልኳቸው። ሼህን ለምኜ አስጠራኋቸውና ሰሙት። የንብ ቀፎ እግር ሲመታው የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር። ማን እንደነፋ ጠየቁኝ። እርስዎ ነዎት አልኳቸው። አንድም ቀን እንዲህ ነፍተው እንደማያውቁ፣ እንዲህ ቢነፉ ኖሮ አባታቸው ከሰልፉ ያባርሯቸው እንደነበር ነገሩኝና ሄዱ።

ከዚህ በኋላ ያወቅኩት ነገር አለ፤ ብቻዬን ነው ያወቅኩት፣ ለማንም ምስጋና የለብኝም። ቤዙን ወደ ላይ መግፋት ድምፁን ያሻክረዋል። መደረግ ያለበት ቤዙን ባለበት ትቶ ሌሎቹን ዝቅ ማድረግ፣ ከዚያ ጠቅላላውን ድምፅ መጨመር ነው። አንዱን ከፍ ለማድረግ ከፈለግህ ሌሎቹን ቁጭ በሉ በላቸው። ይህን ለስብሰባ መሪዎችም እመክራለሁ።

እዚያ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን የላፕቶፑ የድምፅ ቅንብር ውስጥ አንድ ዝርዝር አገኘሁ፤ ድምፁን አዳራሽ ውስጥ ያለ፣ ዋሻ ውስጥ ያለ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለ ያስመስላል። መታጠቢያ ቤቱ ላይ ሳደርገው ቤዙ የጨመረ መሰለኝ። ሼህን በሦስተኛው ቀን እንደገና አመጣኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ከፈቱና በጣም በትሕትና፣ የነፋነው ሜዳ ላይ ሆኖ ሳለ ሁላችንንም ወደ ቤት ያስገባን ማን ነው ብለው ጠየቁኝ።  ሰው እንዴት ለሽማግሌ "ሽንት ቤት አስገብቼዎት ነው" ይላል?

ችግሩ ላፕቶፑ ራሱ ነው ወደሚል ድምዳሜ የደረስኩት ያኔ ነው። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ሳውንድ ካርድ፣ ድምፁን የሚያወጣው ክፍል፣ እንደ እኔ ላለ ሰው አልተሠራም። ለማመልከቻ መጻፊያ ነው። ከውጭ የሚሰካ፣ የክብሪት ሳጥን የምታክል ሳውንድ ካርድ እንዳለች አነበብኩ። የባለቤቴ ወንድም አዲስ አበባ ስላለ ሁለቱንም፣ ካርዷንና ጆሮ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጥሩ ሄድፎን፣ በሰው እንዲልክልኝ ደወልኩ። ገንዘቡ ከየት መጣ አትሉኝም? ለሱቋ ጣራ አዲስ ቆርቆሮ ከተቀመጠው ነው።

ባለቤቴ እናኑ ስትሰማ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ባልዲ አምጥታ የሚያፈስሰው ሥር አስቀመጠችና ጠብ ጠብ ሲል ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች።

"ይኸው ቤዝ" አለችኝ። "በነፃ።"

ባልዲውን ጠብታው መሀሉ ላይ እንዲወድቅ አስተካከልኩላት። 

ዕቃው በሳምንቱ መጣ። ካርዷን ሰካሁ፣ ሄድፎኑን ካርዷ ላይ ሰካሁ፣ መታጠቢያ ቤቱን አጠፋሁ፣ ኢኳላይዘሩን እንዳልኩት ሌሎቹን ዝቅ፣ ቤዙን ባለበት አደረግሁት። ከፈትኩት። ጎበዝ፣ ሼህ ባቢከር መጡ! ከአንገቴ ሥር ተነሥተው፣ በመንጋጋዬ አልፈው፣ ጭንቅላቴ መሀል ቆሙ። ረመዳን ሲቸኩል፣ ኢድሪስ ሲያሳምር፣ እሳቸው ከሥር ሁሉንም ተሸክመው ይሄዳሉ። ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ቆሜ እጄን ወደ ላይ አነሣሁ። ዶክተርን ጠርቼ ጆሮው ላይ አደረግሁበት። ብዙ ሰማ። ከዚያ "ጆሮ ትንሽ ትንሽ ሊሰማ ይችላል" አለና ጋዋኑን አስተካክሎ ወጣ። ለዶክተር ይህ ይቅርታ መጠየቅ ነው።

ሼህን ለማምጣት ራሴ በባጃጅ ሄድኩ። ዐረፋ አራት ቀን ቀርቶታል። እንደ ሙሽራ ይዣቸው መጣሁ፣ ወንበር ሰጠኋቸው፣ ሄድፎኑን አደረግሁላቸው፣ ከፈትኩት፣ ፊታቸውን እያየሁ ጠበቅሁ። ጣታቸው ታጠፈ፣ ታጠፈ፣ ታጠፈ። ያቺ ጣት እንደገና እንደቆመች ቀረች።

"አይሰሙም?" አልኳቸው።

"አንተ ይሰማል?"

"አሳምሬ ነው የምሰማው።"

 ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

"ያ ወለዲ" አሉኝ፤ ልጄ ሲሉኝ ነው። "አንተ ጥሩ ልጅ ነው። አባትህም ጥሩ ሰው ነው። ለእኔ ብለህ ግን አትዋሽ።"

እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ ልቤ ተሰበረ። ለዚያ ሁሉ ድካሜ አይደለም። እኔ ልመልስላቸው የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ሰው አፍሮ እንዳልዋሻቸው ማሳየት። አሁን ግን አፍረው ከዋሹላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የመጨረሻው እኔ ሆንኩ። ሁለተኛ እንደማይመጡ፣ ብዙ እንዳደከሙኝ፣ እንድተወው ነገሩኝ። እሳቸውም ተወው አሉኝ፤ ከእሳቸው ይቺን ቃል አልጠበቅሁም ነበር።

የዐረፋ ዋዜማ ከጠዋት ጀምሮ ዶፍ ወረደ። የአሶሳን የሰኔ ዝናብ የማያውቅ ሰው ዝናብ አውቃለሁ አይበል። ጣራው ተሸነፈ። ባልዲው ሞላ፣ ሁለተኛው ባልዲ ሞላ፣ ከዚያ ውኃው ባልዲ የሌለበት ቦታ መርጦ በቀጥታ አናቴ ላይ መውረድ ጀመረ። ላፕቶፑን በላስቲክ ሸፈንኩ። እኔ ደግሞ ፎጣ አነሣሁና ጆሮዬን ጨምሮ ራሴን ጠመጠምኩት። ደንበኛ የለም። በብስጭት ሄድፎኑን ከፎጣው በላይ አደረግሁና ለመጨረሻ ጊዜ ልሰማው ከፈትኩት።

ኢድሪስ አለ። ረመዳን አለ፣ ይቸኩላል። የአልጣሂር ልጅ አለ። ሼህ ባቢከር የሉም።

ካርዷን ነቅዬ ሰካሁ። የሉም። ኢኳላይዘሩን አየሁ፤ እንዳለ ነው። በስተግራ ያ ጉብታ ብድግ ቁጭ ይላል። ሄድፎኑን በሁለት እጄ ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት፤ ትንሽ መጡ። ለቀቅሁት፤ ሄዱ። ፎጣውን ፈትቼ ጣልኩ። ሄድፎኑ ባዶ ጆሮዬ ላይ ግጥም አለ። ሼህ ባቢከር ከአንገቴ ሥር ተነሡ።

እንደ ጅል ቆሜ ቀረሁ። ቀጭን ድምፅ በጨርቅ መሀል ሾልኮ ያልፋል። ወፍራሙ ግን ሄድፎኑና ጆሮው መሀል ክፍተት ካገኘ በዚያ ፈስሶ ያልቃል፤ እንደ ቀዳዳ ባልዲ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳውንድ ካርድ፣ ኢኳላይዘር፣ ዋሻ፣ መታጠቢያ ቤት ስል፣ እኔው በገዛ እጄ ሄድፎኑን ከነጭ ጥምጥም በላይ እያደረግሁ ሽማግሌውን ከዋዛው አስወጥቻቸው ኖሯል። የቆርቆሮውን ገንዘብ ባልበላ ጣራው አያፈስም፣ ጣራው ባያፈስ ፎጣ አልጠመጥምም። ይህን ለእናኑ ነግሬያታለሁ። እስካሁን አልተቀበለችኝም፤ ነገር ግን እውነት ነው።

ላፕቶፑን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ካርዷንና ሄድፎኑን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ፎጣውን ከወደቀበት አንሥቼ ኪሴ ከትቼ ባጃጅ አስቆምኩ። ባለባጃጁ በዚህ ዝናብ ወዴት ነው አለኝ። ሰው ላድን ነው አልኩት። ያለ ወትሮው ፈጥኖ ነዳ።

የሼህ ግቢ ዘመድ ሞልቶታል። ሙሳ ከሩቅ መጥቶ ጎናቸው ተቀምጧል፤ ጎልማሳ፣ ትከሻ ሰፊ፣ ከእኔ የሚበልጥ ሰው ነው፣ ግን ፊቱ ላይ ምንም ደስታ አይታይም። ትልቁ መለከት በጨርቅ እንደተጠቀለለ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ውኃ እያንጠባጠብኩ ስገባ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሼህ ሲያዩኝ ፈገግ ሊሉ ሞከሩ።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ። ሰው በዐረፋ ዋዜማ፣ በዘመድ መሀል፣ ለሽማግሌ ጥምጥምዎን ያውልቁ ይላል? እኔ ግትር እንጂ ባለጌ አይደለሁም። ስለዚህ ስለ እሳቸው ምንም አልተናገርኩም። ላፕቶፑን ከፈትኩ፣ ፎጣዬን ከኪሴ አወጣሁና ራሴን ጠመጠምኩ። ሰዉ እያየ ነው። ሄድፎኑን ከላዩ አደረግሁ። "እንዲህ ሳደርግ እርስዎ የሉም" አልኳቸው። ፎጣውን ፈታሁ፣ ሄድፎኑን ባዶ ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። "እንዲህ ሳደርግ አሉ። ሁለቱንም ሞክሬዋለሁ። አልዋሸሁዎትም።" ከዚያ ሄድፎኑን ፊታቸው አስቀምጬ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩ።

  ሼህ ሄድፎኑን አነሡት፣ አዩት፣ ሙሳን አዩ፣ ግድግዳውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኛ ማንም ሳያዘን ሁላችንም በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ዞረን ዝናቡን ማየት ጀመርን። በሕይወቴ ዝናብ እንዲህ ትኩር ብዬ አይቼ አላውቅም።

ስንዞር ሼህ እንደ ድሯቸው ጥምጥማቸውን ጠምጥመው ተቀምጠዋል። ሄድፎኑ የለም። ያለው ከጥምጥሙ ሥር፣ ባዶ ጆሯቸው ላይ ነው፤ ጨርቁን ከላዩ አጥብቀው አስረውበታል። ከውጭ የሚታየው አንገታቸው ላይ የወረደው ገመድ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ሄድፎኑን ከጆሮ ጋር እንዲህ አጥብቆ የሚይዝ ነገር የትም ፋብሪካ አልተሠራም።

ከፈትኩላቸው።

ጣቶቻቸው ታጠፉ። ኢድሪስ፣ ረመዳን፣ የአልጣሂር ልጅ። ያቺ የቀረችው ጣትም ታጠፈች። ጉንጫቸው ተነፋ። ትንፋሽ ሳያወጡ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ተራቸው በመጣ ቁጥር ጉንጫቸው ይሞላል፣ ይጎድላል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የእኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዝናብ የመታኝ ሰው ነኝ። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ቅንድባቸው ተሰበሰበ። እጃቸውን አነሡ። አቆምኩላቸው።

"እዚህ ላይ ዘግይቷል" አሉ።

"ማን ነው የዘገየው?"

"እኔ።" ትንሽ አሰቡ። "አጥፋው።"

"አላጠፋም" አልኳቸው። ከእሳቸው ጋር ስከራከር የመጀመሪያዬ ነው። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈልጌ ነው ያገኘሁዎት። አላጠፋም።"

አዩኝና ወደ ሙሳ ዞሩ። በርትኛ ነው የተናገሩት፤ ሙሳ በኋላ እንደነገረኝ ያሉት ይህ ነው፦ መለከቱን አሁን አልሰጥህም፣ የተበላሸ ነገር ለሰው አይተውም፣ በመኸር ይህን አስተካክላለሁ፣ ከዚያ እናያለን። ሙሳ ከገባሁ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ሼህም ተነሡና መለከታቸውን ወደ ቦታው ሊመልሱ ወደ ግድግዳው ተራመዱ። ጥምጥማቸው ውስጥ ሄድፎን እንዳለ ረስተዋል። እኔም ረስቻለሁ። እኔ ደግሞ የቀረችውን ልጨርስ ብዬ ቅጂውን ያን ጊዜ መልሼ ለቅቄው ነበር።

ገመዱ ተወጠረ። ሳውንድ ካርዷ ከላፕቶፑ ተነቅላ በአየር በረረች። ላፕቶፑም ካርድ ሲያጣ ማድረግ የሚገባውን አደረገ፤ በራሱ ስፒከር፣ ድምፁ እስከ መጨረሻ እንደተለቀቀ፣ ዋዛውን ለዘመድ ሁሉ አሰማው። በሰኔ። ዘር መሬት ውስጥ እያለ።

ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ሥራቸውን አቆሙ። ሙሳ ግማሽ ቆሞ ቀረ። እኔ ቁልፉን ስፈልግ ጣቴ ሁሉ አውራ ጣት ሆነብኝ። በቆሎዬ በዓይኔ ላይ መጣ። ሼህ ግን መሀል ቤት ቆመው፣ ገመዳቸው ካርዷን እየጎተተ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ። ኢድሪስ፣ ረመዳን፣ የአልጣሂር ልጅ፣ ሁሉም በዚያች ቀጭን ስፒከር እንደ ጫጩት ይጮሃሉ። የመጨረሻዋ ጣታቸው አልታጠፈችም። የላፕቶፕ ስፒከር ደግሞ ቤዝ የሚባል ነገር ፈጽሞ አያውቅም።

በመጨረሻ ዘጋሁት። ሁሉም ሼህን ያያል። እሳቸውም ያቺን የቆመች ጣት ለሁላችንም አሳዩን።

"የእኔ መለከት ዝም ብሏል" አሉ። "ደንብ ያፈረሱት እነሱ ናቸው።"

ከዚያ ተቀመጡ። ባለመሰማታቸው እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።